የሸክላውና የጡቡ መጋጠሚያ

የልጅቷን ደረት የሚያፍነው ያ ውሃ ከየት ነው የሚገባው? ብርዱ ከጠና ጀምሮ ይህንኑ ስጠይቅ ከረምኩ፤ መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። የጣራ ሠራተኛ መጥቶ ጣራው ደህና ነው አለ። የመስኮት ሠራተኛ መጥቶ መስኮቱ ደህና ነው አለ። ሁሉም ደህና ከሆነ ታዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር በሔራን አልጋ ራስጌ ያለው ጥግ ለምን ይረጥባል?

ሔራን የልጄ የቤዛዊት ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። እኔ ቤቴ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአረጋውያን አፓርትመንት ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን አሌክሳንድሪያ ልጄ ቤት እያደርኩ ሔራንን ከስኩል ባስ የምቀበላት እኔ ነኝ። ቤታቸው አሮጌ ነው። የፊተኛው ክፍል ጡብ ነው። ኋላ ላይ የተቀጠለው የሔራን ክፍል ደግሞ ከውጭ በኩል ቀጫጭን የሸክላ ክዳን እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎለታል። ሲያዩት ያምራል። መከራችን ያለው ሸክላውና ጡቡ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው።

ሐኪሟ "ግድግዳው ካልደረቀ ሳሉ አይለቃትም" ብላለች። አማቼ ፋኑኤል፣ ልቡ ወርቅ ነው፣ በመጋጠሚያው ላይ ሦስት ጊዜ ሲሊኮን ቀባ። የልደት ኬክ መሰለ እንጂ አልደረቀም። እኔም በበኩሌ አልተቀመጥኩም። በበሩ ሥር ፎጣ አጎዘጉዛለሁ፣ መስኮቱን በጨርቅ እጠቀጥቃለሁ፣ ቀዳዳ ካየሁ እደፍናለሁ። አክስቴን የገደላት በቀዳዳ የገባ ነፋስ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ቀዳዳ አይቶ ዝም የሚል ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አይገባኝም።

በመጨረሻ ቢራቱን አመጣሁት። ቢራቱ ሲልቨር ስፕሪንግ የቤተ ክርስቲያናችንን በረንዳ የሠራ ሰው ነው። ሃምሳ አልፎታል። አባቱ ምናለሽ ተራ አሸንዳ ሠሪ ነበሩ፤ እሱም ከእሳቸው ነው የተማረው። ጥሩነቱን ሁሉም ይመሰክራል፤ ወሬ ላይ ግን ስስታም ነው ይሉታል።

ማክሰኞ ጠዋት ሔራን ትምህርት ቤት፣ ልጄና ባሏ ሥራ ከሄዱ በኋላ መጣ። እንደ ሌሎቹ መሰላሉን አላወረደም። መጀመሪያ ክፍሏ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ።

"አልጋው ሁልጊዜ እዚህ ነው?"

"ሁልጊዜ። ራስጌዋ እዚሁ ነው፤ እዚሁ ነው የምታስለው።"

ከዚያ ወጥቶ ከክፍሉ ጋር ወደ ተያያዘው፣ ደክ ወደሚሉት የእንጨት በረንዳ ሄደና የውሃ ጎማ ጠየቀኝ። ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከታች ጀመረ። አንድ ክንድ ያህል ያጠጣል፤ ይጠብቃል፤ እኔን ግድግዳውን ይዳስሱ ብሎ ወደ ውስጥ ይልከኛል። ደግሞ አንድ ክንድ ከፍ ይላል።

"ከላይ አትጀምርም እንዴ፣ ልጄ? ዝናብ የሚመጣው ከላይ ነው።"

"ከላይ ከጀመርኩ ሁሉም ይረጥባል እማማ። ሌባውን ከሰዉ መሀል አላውቀውም።"

እንደዚህ ስንመላለስ አንድ ሰዓት አለፈ። ጉልበቴ እያመመኝም ደስ አለኝ፤ የሚጠብቅ ሠራተኛ አይቼ አላውቅምና። ውሃው ወገብ ድረስ ሲደርስ ጥጉ ላበው።

"አገኘኸው? ከየት ነው የሚገባው?"

"መግባቱንስ ይገባል። እኔ የምፈልገው መውጫውን ነው" አለ። "ሸክላና ጡብ አይዋደዱም፤ በመሀላቸው ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይሾልካል። የድሮ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከሸክላው ጀርባ ስውር አሸንዳ ያደርጋሉ። የሾለከው በዚያ ወርዶ ከታች ይወጣል። እዚህ ግን ጠብታ አልወጣም።"

መሰላል ላይ ሲወጣ እግሩን ያዝኩ፤ የመሰላሉን ማለቴ ነው።

"እማማ ከበቡሽ፣ ሦስት ደረጃ እኮ ነው።"

"ከሦስት ደረጃ ወድቆ የሞተ አውቃለሁ።"

"እኔ ብወድቅ እርስዎ ላይ ነው የምወድቀው። ያኔ ሁለት ለቅሶ ነው።"

"ቢያንስ ለስላሳ ነገር ላይ ትወድቃለህ" አልኩት። አለቀቅኩም።

ከጥጉ ያሉትን ሸክላዎች አንድ በአንድ እያነሳ በጠመኔ ቁጥር ጻፈባቸውና ደክ ላይ በተርታ ደረደራቸው። አንድም አልሰበረም። ከጀርባቸው እውነትም በጥጉ ልክ የታጠፈ አሮጌ የእርሳስ ብረት፣ ያ ስውር አሸንዳ፣ ወጣ። ከዚያ ወርዶ የአሸንዳውን አፍ ፈለገ፤ ከደኩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን። ነጭ ሲሊኮን ነበረበት። በቢላ ፈለቀቀው። ከሥሩ ጨርቅ ብቅ አለ። ሳበው። አሁንም ሳበው። ሲያልቅ አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር፤ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጠቁሯል፤ የጥለቱ ሰማያዊ ግን አልጠፋም።

የእኔ ጋቢ ነው። ባለፈው ኅዳር ከአሮጌው ጋቢዬ ቀድጄ፣ ፋኑኤል ለሌላ ሥራ ገዝቶ ደክ ላይ ትቶት የሄደውን ሲሊኮን ከላዩ ቀብቼ፣ በእነዚህ እጆቼ ነው የጠቀጠቅኩት። ነፋስ ያፏጭበት ነበር። ከቀዳዳው እስከ ልጅቷ ራስ ሁለት ክንድ አይሞላም።

ቢራቱ ጨርቁን አየ፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን ጋቢም አየ። ሁለቱንም የሸመነው አንድ እጅ ነው።

"ያፏጭ ነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ያፏጭ ነበር።"

"ያፏጫል። አፉ ነው።" ጨርቁን ጨምቆ በላስቲክ ጠቀለለና ከመሣሪያ ቦርሳው ሥር ከተተው። ከዚያ እርሳሱ የተሰነጠቀበትን ቦታ አሳየኝ። ውሃው መውጫ ሲያጣ እዚያው ቆሟል፤ የጥር ብርድ ሲመጣ በረዶ ሆኖ አብጧል፤ ብረቱን ሰንጥቆ ወደ ልጅቷ ግድግዳ ገብቷል። የነገረኝ የሌላ ሰው ቤት ታሪክ እንደሚያወራ አድርጎ ነው። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ የልጅ ልጄን ሲያስላት የከረመው የእኔ ጋቢ ነው።

"ይስተካከላል" አለ፣ ሳልጠይቀው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሥራ መቼም አልረሳው። የፋኑኤልን ኬክ ሁሉ ፍቆ አነሳ። በሁለት ጡቦች መሀል ያለውን አሮጌ ኖራ በመሮና በትንሽ መዶሻ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ቦረቦረ፤ የጡቡን ጠርዝ አልነካም። በማሽን ለምን አትቆርጠውም ስለው "ማሽን ጡቡን አያውቀውም" አለኝ። አዲሱን እርሳስ አጫጭር አድርጎ ቆረጠ። ረጅም ከሆነ በበጋ ይለጠጣል፣ በክረምት ይሰበሰባል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል አለ። እያንዳንዱን በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ ጥጉን እስኪመስል መታው። ብረት እንደዚያ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። አንዱን ጠርዝ ወደ ቦረቦረው ጡብ አስገብቶ በእርሳስ ቁራጭ አጠበቀ፤ ሌላውን ጠርዝ ወደ ሸክላው ጀርባ ወስዶ ወደ ላይ አጠፈው፤ የላይኛውን ቁራጭ በታችኛው ላይ ደረበ። ከዚያ ቦታውን በኖራ ሞላና በቁጥራቸው ሸክላዎቹን መለሰ። ምሳ አቅርቤለት ቀዘቀዘ። ኖራው ሳይጠብቅ ጥሎ የሚበላ ሰው አይደለም።

የአሸንዳውን አፍ ግን አልደፈነም። የወንፊት ቁራጭ ብቻ አደረገበት፣ ነፍሳት እንዳይገቡ።

ሔራን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኖራው ጠንከር ብሎ ነበር። ቢራቱ ራስጌዋ ጥግ ላይ ዘብ አቆማትና ውሃውን ከላይ ለቀቀ፤ አሁን ከላይ። እኔ በመስኮቱ አያታለሁ። መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች፤ ትንፋሿን ይዛለች። ትንፋሽሽን አትያዥ ልላት ነበር።

"ድራይ ነው፣ እማዬ። ስቲል ድራይ" አለች፤ አሁንም ደረቅ ነው።

ደኩ ላይ ደግሞ ከአሸንዳው አፍ ቀጭን ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ሮጣ ወጥታ አጎንብሳ አየችው።

"ቤቱ ራኒ ኖዝ አለው" አለች። አፍንጫው ይፈሳል ማለቷ ነው። ቢራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"ይፍሰስለት። እንዳታናፍጪው።"

ቤዛዊት ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ግድግዳውን ነካች፣ ደግማ ነካች፤ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ከዚያ ኩሽና ውስጥ መሣሪያውን የሚሰበስበውን ቢራቱን ጠየቀችው።

"ምን ሆኖ ነው ግን?"

"ቤቱ አሮጌ ነው" አለ፣ ቦርሳውን እየዘጋ። "እርሳሱ ተሰንጥቆ ነበር።"

ውሸት አይደለም። እዚያ ላይ ብተወው ያልቅ ነበር፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከሠራው ሁሉ ይልቅ ያን አንድ ቃል በጥንቃቄ የሠራው እኔን ለመሸፈን ነው። ግን አሰብኩ። ኅዳር ይመጣል፤ ያ አፍ ያፏጫል። እኔ ባልኖር ልጄ ትሰማዋለች። የእኔ ልጅ ናት፤ የእኔን ፍርሃት ጠብታ በጠብታ ነው ያጠባኋት። ጨርቅ ፈልጋ ትደፍነዋለች፤ ሔራንም እንደገና ታስላለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የውሃውን መውጫ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ይመታታል ብዬ።"

ቤዛዊት ዞር ብላ አየችኝ።

"ሲያፏጭ ብትሰሚ እንዳትደፍኚው። ያፏጭ። ሰማሽኝ?"

"ቤቱን ጋቢ አለበሽው?" አለች ሔራን፣ ትከሻዬን እያየች።

ቤዛዊት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ኖራ ነክቶት ሻክሯል፤ ቀኑን ሙሉ ሳቀብል ውዬ።

ቢራቱ የዘጋውን ቦርሳ መልሶ ከፈተ። በላስቲክ የተጠቀለለውን ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጃችን አጠገብ አስቀመጠ። መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ የበሩን ጉበን እንዳይነካ ዝቅ ብሎ ወጣ።