ክምሩ ሞልቶ ላሚቱ ስለ ምን ሞተች

ባለፈው ግንቦት ላሜ ቦራ የሞተችው ሙሉ የድርቆሽ ክምር ደጄ ላይ ቆሞ ነው። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሳለ ጉልበቷ ከዳት፤ ተኛች፣ ዳግመኛም አልተነሣች። የወይራ ሜዳ የሣር ዳኛ እኔ ደስታው ቢሻው ነኝና፣ ስጠብቀው የኖርኩት የመንደሩ የጋራ ሣር የገዛ ላሜን እንዴት በረሃብ ገደላት የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከረመ። አሁን ደግሞ ጊደር ልጇ አርግዛለች።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ምሽት ከጎረቤቴ ከጌጤ ጋር ሜዳው ዳር ቆመን፣ ያበበውን ሣር እያየሁ፣ "ዘንድሮ ቀደም ብለን ብናጭደውስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ሜዳው የሚከፈተው በኅዳር ሚካኤል ነው፤ የሣር ዳኛ ሳሉ የደነገጉት የአባትህ ቃል ነው። ደግሞስ ሳይረዝም ታጭዶ ምን ሊከመር ነው? ነገ ሸንጎ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳታነሣ" አለኝ።

በአባቴ ቃል ላይ መነሣት አሳፈረኝና ቤቴ ገባሁ።

እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ፣ ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው አባቴ ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ ሽጠው መጡ። "ተነሣ፣ የምታየው አለ" አሉኝ።

የወሰዱኝ እዚያው ወይራ ሜዳ ነበር፤ ነገር ግን ሌላ አገር ሆኗል። ሣሩ ገና ሲያብብ፣ አገዳው ሳይጠነክርና ዘሩ ሳይረግፍ ታጭዶ፣ በስሱ ተበትኖ፣ እየተገላበጠ በፀሐይ ይደርቃል፤ የደረቀውም አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ተከምሮ ዝናብ እንዳያገኘው ተከድኗል። ክምሮቹ ከእኛዎቹ ያነሱ ናቸው። በየበረቱ የቆሙት ላሞች ግን ቆዳቸው ያብረቀርቃል፣ በግንቦትም ይታለባሉ።

"አባዬ፣ ይህች ትንሽ ክምር እንዴት ትበቃቸዋለች?"

"የአንተን ክምር አሽትተህ ታውቃለህ?"

"ምን ሽታ አለውና?"

"ሽታ የሌለው ምግብ አንተስ ትበላለህ? ሣር ሲያረጅ የሚተርፈው አገዳ ነው። ቦራን እንጨት ነው ያበላሃት፣ ልጄ።"



ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት ሴት የጉድጓድ አፍ በጭቃ ስትመርግ አገኘን። "ምን ቀበርሽ፣ እቴ?" አልኳት።

"እርጥብ ሣር ነው።"

"አይበሰብስም?"

"ተከትፎ፣ በደንብ ተረግጦ፣ ነፋስ ካልገባው ይኮመጥጣል እንጂ አይበሰብስም። ዝናቡ አላስደርቅ ሲለን እንዲህ እናደርጋለን።"

አምና ከቀበረችው አንድ እፍኝ ሰጠችኝ፤ እንደ ጥንስስ ይሸታል። ላሟ ቀርባ ከመዳፌ ላይ ጠርጋ በላችው።

"ታዲያ ይህን እያወቁ ኅዳር ሚካኤልን ስለ ምን ደነገጉብን?" ብዬ አባቴን ጠየቅኋቸው።

ሳቁ። "እኔ? ያን ዓመት ዝናቡ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አላባራ ቢል፣ 'ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል እስኪደርስ እንታገሥ' አልኩ። በዓመቱ እኔ ሞትኩ። እናንተ 'ዘንድሮ' ያልኩትን ጥላችሁ ቀኑን ያዛችሁ።"

"እንግዲያው ነገ፣ አባቴ በሕልም አዘዙኝ ብዬ ለሸንጎው እናገራለሁ።"

"ተው። እንዲያ ካልክማ መስከረምን ሕግ ያደርጉታል። ሣሩን አሳያቸው።"

ስነቃ ነግቷል። ማጭዴን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩና ያበበውን ሣር አንድ እፍኝ አጨድኩ፤ ከአሮጌው ክምርም ሌላ እፍኝ መዘዝኩ። ለሰው ሁሉ የከለከልኩትን እኔው ቀድሜ አጭጃለሁና ሸንጎው ይፍረድብኝ። ሕልሜን ለልጆቼም ለጎረቤቶቼም ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሁለቱን እፍኝ ጌጤ አፍንጫ ሥር አቀርብና አሽትት እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ፣ ስለ ዘንድሮ ብቻ እንነጋገር።