አራቱ ቁጥሮች

«ቲቸር፣ አንቺስ ስንት ቆጠብሽ?»

የጠየቀችው ከኋላ የምትቀመጠው፣ ጓደኞቿ «መርማሪዋ» የሚሏት ልጅ ናት። አሰልጣኟ ጠመኔውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰሌዳው ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው «የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ» የሚለው ቃል ያፈጥጥባታል። ክፍሉ አውካካ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ሳቅ ከተባለ።

እውነቱን ብትናገር ማን ያምናታል? ወጣቶችን ስለ ገንዘብ አያያዝ ማሰልጠን ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። የደመወዟ ካርድ ያለው ግን እናቷ ቦርሳ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ የወጣ ቀን እናት «እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ብላ ተቀበለቻት። የሚስጥር ቁጥሩንም ራሷ መርጣ ሞላች፤ በዚያው ቀረ። ጉድ እኮ ነው፤ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት በየማለዳው እናቷ አልጋ አጠገብ ቆማ የታክሲ ትለምናለች።

እቤታቸው ስለ ገንዘብ የሚወራው በር ተዘግቶ ነበር። ልጅ ሆና «ስንት ብር አለን?» ስትል መልሱ «አንቺ ምን አገባሽ፣ ራበሽ?» ነው። አባቷ ቤቱን ለብድር አስይዞ የውሃ ሽታ መሆኑን እንኳ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ እናት ማንንም አታምንም። ስለዚህ በእናቷ መፍረድ አቃታት።

አሁን አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝታለች። አከራዩ ቀብዱን የሚጠብቃት እስከ ዛሬ ብቻ ነው። ትናንት ለእናቷ ስትነግራት «ምነው፣ የኔ ቤት ጠበበሽ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

በምሳ ሰዓት ባንክ ገባች።

«ካርዱ ጠፋብሽ?» አለ የመስኮቱ ሠራተኛ።

«አዎ፣» አለች።

«አሮጌው ይዘጋ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

አዲሱን ካርድ ይዛ ስትወጣ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። የመጣባት ግን የሌባ ድንጋጤ ነው። ወደ አከራዩ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብታ ገና ሳትደላደል ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ልጄ፣ ማሽኑ ካርድሽን ዋጠብኝ። ሰልፈኛው ከኋላዬ ይነጫነጫል። ምን ላድርግ?»

አሰልጣኟ አዲሱን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጠች።

«ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆን እንዴ? የተወለድሽበት ቀን እኮ ነው! እሱን እንኳ ረሳሁ ማለት ነው?» የእናት ድምፅ አነሰ። «አረጀሁ መሰለኝ፣ ልጄ።»

ታክሲው ሞልቶ ተነሣ። ረዳቱ «ሒሳብ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት። መዳፏ ውስጥ የጨበጠችው ጠዋት እናቷ ቆጥራ የሰጠቻትን ብር ነው።

«ሃሎ?» አለች እናት። «አለሽ?»