የትህትና ዓመት ወይን

ቡሹ ግማሹ ላይ ተቆረጠ። ዓምደሚካኤል ጠርሙሱን እንደያዘ ባለበት ቀረ። ያረጀ ቡሽ እንደሚፈረፈር ያውቃል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው የፈረንሳይ ሬስቶራንት የወይን ኃላፊ ሆኖ ስንቱን ሲከፍት ኖሯል። ይህን ጠርሙስ ግን ሁለተኛ አያገኘውም። ባለ ሁለት ምላሱን የቡሽ መንቀያ በቡሹና በጠርሙሱ አንገት መሃል ቀስ አድርጎ አስገባና እያሽከረከረ ሳበው። የቀረው ግማሽ ወጣለት። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

"ከአሁኑ ከፈትከው?" አለችው ሚስቱ ውብነሽ፣ ቲማቲም እየከተፈች።

"ሽማግሌዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ አላልሽም?"

"እሱማ ብለዋል።"

"በቃ። አንድ ሰዓት አየር ማግኘት አለበት።"

"የፈረንጅ አንድ ሰዓት ነው የሐበሻ?" አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ አገር፣ ፖያክ ከምትባል ከተማ የመጣ ቀይ ወይን ነው። የተለቀመው በ1990 መከር፣ ልጃቸው ትህትና በተወለደች ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላት የሬስቶራንቱ ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ ፈረንሳዊ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡትና "አሁን ብትከፍተው ትጣላዋለህ፤ ስትዳር ክፈተው" አሉት። እውነታቸውን ነበር። የዚያን ዓመት ወይን ያኔ ሬስቶራንቱ ውስጥ ቀምሶታል፤ ድድ የሚያደርቅ፣ አፍ የሚያኮማትር ቁጡ ነገር ነበር። ጥሩ ቀይ ወይን በልጅነቱ እንዲህ ነው። ያ የሚያኮማትረው ነገር ነው ዓመታትን የሚያሻግረው፤ እያደር ይለዝብና የፍሬ ሽታው ወደ ትምባሆ ቅጠል፣ ወደ ጥድ እንጨት፣ አዲስ ወደተቀረጸ እርሳስ ይለወጣል። ርካሹን ቢያቆዩት ግን ትርፉ ኮምጣጤ ነው።

ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ አጋድሞ አኖረው። ውብነሽ አንድ ጊዜ ሳሎን አውጥታ ቡፌው ውስጥ ከውስኪዎቹ ጋር አቁማው ነበር፤ እንግዳ እንዲያየው ብላ። የዚያን ቀን የተጣሉትን ያህል በትዳራቸው ዘመን አልተጣሉም።

አሁን ጧፍ አበራና ጠርሙሱን ከነበልባሉ በላይ አዘንብሎ፣ ወይኑን ሆዱ ሰፊ ወደሆነው የመስታወት ማንቆርቆሪያ እንደ ክር እያቀጠነ ቀዳው። አተላው ጠርሙሱ አንገት ላይ ሲደርስ አቆመ። ጠብታ ቀመሰ። ገና ነው፤ ምድር ቤት ምድር ቤት ይላል። አንድ ሰዓት ሲያገኝ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ያለ አሮጌ ወይን ሰው አይጠብቅም። አንድ ሁለት ሰዓት አምሮበት ይቆይና ይደክማል፤ ለነገ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ሰዓቱ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ አልደረሱም። የደረሱት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ወልደአምላክ ናቸው፤ ከላንግሊ ፓርክ በአውቶቡስ፣ ነጭ ጋቢያቸውን በሱፋቸው ላይ ደርበው። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ዓምደሚካኤልን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ወደዚህ አገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። በዚህ ቤት ወግ ያለበት ጉዳይ ሲመጣ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ማንቆርቆሪያውን አዩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወይን ነው ጋሼ። ለሽማግሌዎቹ።"

"የምን ለሽማግሌዎቹ? ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ይጠጣል እንዴ?"

"መልሱን ስንሰጣቸው ይጠጣሉ ብዬ ነው።"

ጋሼ ቁጭ አሉና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "በመጀመሪያ ቀን እሺ? ልጅቷ ቆማ የቀረች ናት? መክረን እናሳውቃችኋለን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ እንላቸዋለን። ወጉ ይኸው ነው። አንተ አታውቀውም እንዴ?"

ያውቀዋል። የረሳው ስላላወቀ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የወይኑን ቀን ሲቆጥር ኖሮ፣ ዛሬ በጠዋት ተነስቶ ብርጭቆ ሲወለውል፣ ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን ባዶ አፉን እንደሚመለስ ጭራሽ አላሰበውም። በራሱ ተናደደ። በወንድሙም ተናደደ። ወጥ ቤት ገባ።

ትህትና ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

"ዳድ፣ ዩ ፕሮሚስድ።"

"አውቃለሁ።"

"ብስራት በሚቀጥለው ወር ሲያትል ሥራ ይጀምራል። ዛሬ ያልቃል ብለኸኛል። አንክል ሁለት ሳምንት ይላሉ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት። ሄለንን ያደረጓትን ረሳኸው?"

አልረሳውም። ሄለን የጋሼ አንድ ልጅ ናት። የእጮኛዋን ሽማግሌዎች አባቷ ሦስት ጊዜ መለሷቸው፤ አራተኛ አልመጡም። ልጅቷ ፍርድ ቤት ተፈራርማ አገባችና ያን ጊዜ የወጣች ዛሬም የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። ጋሼ ስሟን ማንሳት አይወዱም።

"አንቺና እጮኛሽም ፍርድ ቤት ልትሄዱ ነው?" አላት።

"አልፈልግም። ዛት'ስ ዘ ሆል ፖይንት። አንተ እሺ እንድትል ነው የምፈልገው። አንተ፣ በአፍህ።"

ይህን ብላ ወደ ላይ ወጣች።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደረሱ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው አቶ ጸጋዬ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ደግሞ በሄደበት የሚያዝናና ሰውዬ። ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ አክሲደንት ነበር አሉ። ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን ቆመው ቀሩ።

"ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ጸጋዬ።

"ይሰማል፣ ተቀመጡ" አሉ ጋሼ። ይህ ብቻ ሌላ ሩብ ሰዓት ወሰደ።

ዓምደሚካኤል ውሃ ላምጣ ብሎ ወጥ ቤት ሄደና ከማንቆርቆሪያው ጠብታ ቀዳ። አሸተተው። ምድር ቤቱ ጠፍቷል። ጥዱ መጥቷል፣ እርሳሱ መጥቷል፣ ከሥር ደግሞ እንደ ደረቀ ጽጌረዳ ያለ ነገር አለ። ቀመሰው። ያ ቁጡ ነገር ሐር ሆኗል። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደስ ብሎት ነው፣ ተናዶም ነው። እንዲህ የሚሆነው አሁን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለእንግዳ ውሃ ይቀዳል።

ሳሎን ሲመለስ አቶ ጸጋዬ ንግግራቸውን እየጨረሱ ነበር። "... ልጃችን ብስራት ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው ደጃችሁ የመጣነው።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ልጃችሁን አላወቅነውም። ዘር ማንዘሩን መጠየቅ አለብን። መክረን እናሳውቃችኋለን፤ በሁለት ሳምንት እንደገና ኑ።"

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። ጋሼ ዞረው አዩት፤ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲይዙት በሚያዩት አስተያየት። አፉን ዘጋ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እንዲያም ሆኖ ዘጋ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ ውሃውን እንኳ አልነኩም፣ እጅ ነስተው ወጡ።

ከላይ የበር መዘጋት ድምፅ ተሰማ። የትህትና ክፍል ነው። በኃይል አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ዓምደሚካኤልን ያስፈራው ቀስ ማለቷ ነው። ሄለንም የወጣች ዕለት አልጮኸችም ነበር።

በቤት ጫማው ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ገና ፓርኪንጉ ላይ ናቸው። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ወንበር ለመግባት ይታገላሉ። ሾፌሩ አንገቱን ሰብሮ መሪው ሥር ሊደበቅ ምንም አልቀረው፤ ብስራት ራሱ ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ቤልትዌይ ላይ የሚነዳ ስላልተገኘ ሙሽራው ነበር ያመጣቸው። ዓምደሚካኤል በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

"አቶ ጸጋዬ! እንደገና ኑ ብለናችኋል አይደል?"

"አዎ፣ በሁለት ሳምንት።"

"እንደገና ኑ። አሁን።"

ሰውዬው ግራ ገባቸው። "አሁን? ወጉስ?"

"ወጉ ሁለት ጊዜ መምጣት ነው። አንዴ መጥታችኋል። ይኸው ሁለተኛ።"

ቄሱ አንድ እግራቸው መኪና ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ እንዳለ አሰቡበት። "ቀኑን የሚወስን መጽሐፍ አላየሁም" አሉና እግራቸውን መልሰው አወጡ። "ልጁ ግን መኪናው ውስጥ ይቆይ፤ እሱስ ነውር ነው።"

ጋሼ ሦስቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው ሲገቡ ከዘራቸውን ጨበጡ።

"ጋሼ፣ ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ መጥተዋል" አለ ዓምደሚካኤል።

"ትቀልድብኛለህ?"

"አልቀልድም። እርስዎ አሳድገውኛል፣ በእርስዎ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ይቺን ግን እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እንደ ሄለን ከበር ወጥታ እንድትቀር አልፈልግም።"

ስሟን ማንሳት አልነበረበትም። የጋሼ ፊት ጠቆረ። ውብነሽ በእጇ አፏን ያዘች። ዓምደሚካኤል ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ አሁን ካቆመ እንደማይጨርሰው ያውቃል።

"ፈቅደናል። ልጃችንን ሰጥተናችኋል።"

ትህትና ደረጃው አናት ላይ ቆማለች። መቼ እንደወጣች ማንም አላየም። ውብነሽ እልል አለችና ጋሼን አይታ መሃል ላይ ዋጠችው።

ዓምደሚካኤል ወይኑን ለሁሉም ቀዳ። ለጋሼም ቀድቶ በሁለት እጁ፣ ዝቅ ብሎ ፊታቸው አኖረላቸው። ቄሱ ባረኩ። ከዚያ ግን ማንም አልጠጣም። በዚህ ቤት በዕድሜ ትልቁ ሳይቀምሱ ሌላው አይቀምስም፤ ጋሼ ካልቀመሱ ደግሞ እሺታው የአባትየው ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ምርቃትም የለውም። ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ወለሉን ያያል። ወይኑ እየደከመ ነው። ዓምደሚካኤል ሽታው ሲሄድ በአፍንጫው የሚከታተለው መሰለው።

ጋሼ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። በኋላ ደረጃው ላይ ወደቆመችው ልጅ ቀና ብለው አዩ፤ አስተያየታቸው ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። ብርጭቆውን አነሱ። ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማተረ።

"ይመራል እኮ! ኮካ የለም?"

ውብነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ዓምደሚካኤል ደሙ ወደ ራሱ ሲወጣ ተሰማው። ሃያ ስድስት ዓመት! ለደንበኛ የሚለው፣ ለአስተናጋጅ የሚያስተምረው፣ ሰው ሲያበላሸው የሚቆጣው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሱን ነክሶ ወንድሙን አየ። ጋሼ ብርጭቆውን አላስቀመጡም። በእጃቸው እንደያዙት ነው።

ወጥ ቤት ሄደ። ማቀዝቀዣውን ከፈተና አንድ ቆርቆሮ ኮካ አወጣ፣ ተመልሶም ከወንድሙ ፊት ጎንበስ አለ።

"በረዶስ ልጨምርልዎ፣ ጋሼ?"