ለጨው

ከምሳ በኋላ ኦዲተሯን ዓይኗም ወገቧም በቃን ይሏታል፤ ሥራው ግን በቃኝን አያውቅም። የዲጂታል ገንዘቡ መሥሪያ ቤት የሰውን ስም ይሸፍናል። እሷ የምታየው ቁጥሩንና ላኪው የጻፈውን ምክንያት ብቻ ነው። አጠራጣሪ ነገር ሲገኝ ስሙ የሚገለጠው እሷና አለቃዋ ሁለቱም የይለፍ ቃላቸውን ሲያስገቡ ነው። አለቃዋን ቢሮው ሁሉ ጋሽ ወንፊት ይላቸዋል፤ እንክርዳድ አያልፋቸውማ።

ያን ቀን ማሽኑ አንድ ሒሳብ ለይቶ አወጣ። በየሳምንቱ ጠቀም ያለ ገንዘብ ወደ ሌላ ሒሳብ ይሄዳል፤ ምክንያቱ ሁልጊዜ «ለጨው» ነው። ጋሽ ወንፊት ይሄ ሁሉ ጨው ወንዝ ያጣፍጣል ብለው ሳቁና የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው እሷን ይጠብቁ ጀመር።

ለእሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። እናቷ ከአባቷ የምትደብቀውን ሳንቲም ሁሉ «ለጨው ነው» ትል ነበር። እናትየው ካረፈች ወዲህ ይህን አነጋገር የሚያውቁት እሷና ታናሽ እህቷ ብቻ ናቸው። እህቷ ደግሞ ከባሏ ዱላ ለማምለጥ ቤት ልትከራይ ማሰቧን በቅርቡ ነግራታለች።

ስም ሲገለጥ «ሒሳብዎ ታይቷል» የሚል መልእክት ለባለ ሒሳቡ ይላካል። ሕጉ ለሰው ምስጢር ተቆርቁሮ የወጣ ነው። የእህቷን ስልክ ግን ማታ ማታ ባሏ ይፈትሸዋል፤ ሌላውን ሁሉ ብታጠፋም ይህ መልእክት አይጠፋም። ኦዲተሯ ዘመዴ ናት ብትል ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ሆድ ይፍጀው አለች።

«ይሄ ይለፍ፣ ጋሼ። ቸርቻሪ ትሆናለች።»

ጋሽ ወንፊት መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትሆናለች? ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?»

ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሣ መለሰች። «ጨው የሚገዛ ወንድ የት አይተው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

ሳቅ አሉና አሳለፉት። ወደ ወንበራቸው ግን አልተመለሱም፤ ከኋላዋ እንደቆሙ ቀሩ።

ቀጣዩ ሒሳብ መጣ። እሱም በየሳምንቱ ይላካል፤ ምክንያቱ «ለክር» ይላል። ጋሽ ወንፊት ከትከሻዋ በላይ እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን የይለፍ ቃል አስገቡ። ይህንንም ካሳለፈች የፊተኛውን መልሰው እንደሚያነሡት ገባት። ይህችኛዋ የማን እህት እንደሆነች አታውቅም። በሆዷ ይቅር በይኝ አለቻት፤ ደከማት፣ አፈረችም። የይለፍ ቃሏን አስገባች።

መልእክቱ ወዲያው ሄደ።