የእማማ ሩቅያ መደገፊያ ብረት

ባሌ ጀዕፈር ግድግዳ ሲያይ የሚታየው ብሎኬት ነው። ኮምቦልቻ ከአባቱ ጋር ቤት ሲገነባ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ለሱ ግድግዳ ማለት ሲሚንቶና አሸዋ ነው፤ ሌላው ሁሉ መጋረጃ ነው። ባሕር ተሻግረን ሎረንስቪል ይህን ቤት ከገዛን ወዲህ ግን ይህን እውቀቱን የጠየቀው የለም። ስዕልም ሆነ ሰዓት የምሰቅለው እኔ ነኝ፣ ያውም በማጣበቂያ። እሱ ቀኑን ሙሉ በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ውሎ ይገባል፣ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፣ ግድግዳውን ቀና ብሎም አያየውም። ጣጣው የመጣው እናቱ ከመጡ በኋላ ነው።

እናቱ እማማ ሩቅያ ይባላሉ። ከጉልበታቸው በቀር ሁለመናቸው ጤነኛ ነው፣ ምላሳቸው በተለይ። አማት ስትመጣ ቤቱ ይጠብሻል እያሉ ያስፈራሩኝ ነበር፤ ወላሂ የጠበበኝ ነገር የለም። እንዲያውም ከሥራ ስገባ የሰፈሩን ወሬ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳይችሉ ማን መኪና እንደቀየረ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ በመስኮት አይተው ይጨርሱታል። እኔ ወድጃቸዋለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ችግሩ ውዱእ ላይ ነው፣ ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ ላይ። እጅና ፊታቸውን ያለማንም እርዳታ ይታጠባሉ። እግራቸውን ለመታጠብ ግን የባኞ ቤቱ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ መቀመጡ ቀላል ነው፣ መነሳቱ ነው ፈተናው። የሚይዙት ነገር የለም። አንድ ቀን ሊነሱ ሲሉ ተንሸራተው በጎናቸው ወደቁ። አልሃምዱሊላህ የተሰበረ ነገር አልነበረም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ለየሶላቱ እኔ ወይ በሥራው መሀል ብቅ የሚለው ጀዕፈር አጠገባቸው ቆመን በብብታቸው ገብተን እናነሳቸዋለን።

እኔ ሥራዬ ይኸው ነው። ደንዉዲ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ታዲያ ቤቴ ገብቼ የራሴን አማት እግር ሳሎን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልጠብ ብል እምቢ አሉኝ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። ቆይተው ቆይተው እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

«ሰልዋ ልጄ፣ እግሩን የሚያጥቡት እንግዳን ነው። እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ከሆንኩ ንገሩኝ። እንግዳ መሄጃውን ያውቃል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ የምራቸውን ነው። በማግስቱ ለልጃቸው ለኢልሀም ደወሉላት። ኢልሀም የጀዕፈር እህት ናት፤ አፓርታማዋ ባኞ ቤት ውስጥ መቀመጫም መያዣ ብረትም አብሮ የተሠራ አለ። ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ተስማሙ። ጀዕፈር ይህን ሲሰማ ምግብ አልወርድ አለው። ኢልሀም መሀል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፤ እናቱ እዚያ ከሄዱ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻቸውን ከቴሌቪዥን ጋር ሊፋጠጡ ነው። ሰውየው እናቱን ለማምጣት ስንት ዓመት ደጅ የጠናው ለዚህ አልነበረም። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት እዚያ ገንዳ አጠገብ መደገፊያ ብረት እተክላለሁ ብሎ ማለ፣ ብረቱንም ገዝቶ መጣ።

እኔም እሰይ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት፦ መጦሪያው ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳ ሲከፈት አይቻለሁ፣ አረጋውያኑ የሚይዟቸው ብረቶች የታሰሩት ከኋላ በቆመ ወፍራም እንጨት ላይ ነው፣ መጀመሪያ እንጨቱን ፈልግ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። «ሰልዋ፣ ግድግዳ ለኔ ታስተምሪኛለሽ?» ብሎኝ ሄዶ ዘገዬን ጠራ።

ዘገዬ ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤታችን ነው። ቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ አርብ ቢሞት ሥጋ የማይቀምስ፣ ደግ ሰው። አንድ ዓመል አለው፣ ያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በግቢው ዘርግቶ የሚሸጥበት፣ ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም። ጋራዡ ውስጥ የሌለ ዕቃ የለም፣ የሚሠራውም የለም። ያን አርብ ግን፣ ጀዕፈር ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ፣ ጥጃ የሚያህል መሰርሰሪያ ታቅፎ መጣ። ኮንክሪት የሚያፈርሱበት ዓይነት ነው፣ እየዞረ የሚደበድብ። የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ፑንታዎቹን፣ እነዚያን መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ የሚገቡትን ብረቶች፣ ዘርግተው ክርክር ጀመሩ። ዘገዬ ወፍራሙ ይሁን አለ። ጀዕፈር አይሆንም፣ የብሎኬቱ ነው የሚሻለው አለ። ሁለቱም ግድግዳው ከምን እንደተሠራ አልጠየቁም። እኔም አፌን ዘግቼ ቆምኩ፤ አንዴ ተናግሬያለሁ።

ጀዕፈር ባኞ ቤት ገባና ከሴራሚኩ አጠገብ ያለውን ነጭ ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከበሮ የመሰለ ድምፅ ሰጠ። ዘገዬ ባዶ ነው እኮ አለ። ጀዕፈር የለም፣ ይሄ ልስኑ ነው፣ ብሎኬቱ ከኋላ ይመጣል ብሎ አስረዳው። ከዚያ መሰርሰሪያውን መደብደቢያው ላይ አደረገ፣ እግሩን አንፈራጠጠ፣ ኮምቦልቻ እንደለመደው በትከሻው ተደገፈና ለቀቀው። መሰርሰሪያው እስከ አንገቱ ገባ። ጀዕፈርም ተከትሎት ሄዶ በግንባሩ ግድግዳውን ነዳው። ሲያወጣው ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«ብሎኬቱ የታለ?» አልኩት።

ዘገዬ በስልኩ መብራት ውስጡን አየና ምንም የለም፣ ጥጥ ነገር ብቻ ነው አለ። እማማ ሩቅያ ከሳሎን እየተንፏቀቁ መጥተው ቀዳዳውን አዩ፣ ወድቆ የነበረውን ስባሪ አንስተው በጣታቸው ፈረፈሩት፣ ይሄን ካርቶን ነው ቤት ብለው የሸጡላችሁ ብለው ጠየቁን። ሳቄን ማፈን አቃተኝ። ጀዕፈር ግን በፀጉሩ ላይ ነጭ ዱቄት እንደተነሰነሰበት የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

የተመለሰው አንድ ከረጢት ፊሸር ይዞ ነው። ያቺ ብሎን ሲገባባት እያበጠች ግድግዳ የምትነክስ ፕላስቲክ። እነዚህማ ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የተሠሩ ናቸው፣ ከኋላ ክንፍ ይዘረጋሉ ብሎ ደረቱን ነፋ። ማሸጊያውን አነበብኩለት፦ ለመስታወት፣ ለመደርደሪያ ይላል፣ ለሰው አይልም አልኩት። ከመደርደሪያ እናቴ አትከብድም አለኝ። ከቀዳዳው ከፍ አድርጎ በቀጭን ፑንታ በሳ፣ ፊሸሮቹን በመዶሻ አስገባ፣ ብረቱን አሰረ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። በእጁ ሳብ ሳብ አደረገው፣ ዝሆን ይሸከማል ብሎ እናቱን ጠራ።

እማማ ሩቅያ ብረቱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና መረቁት። አላህ ያግራልህ፣ እጅህን ይባርከው። ከዚያ ወደኔ ዞሩና ከእኔ የምትከብደው መጀመሪያ ትሞክረው አሉ። እኔ ክብደቴን የምደብቅ ሴት አይደለሁም። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ ብረቱን ይዤ ልነሳ አልኩ። መጀመሪያ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ብረቱ ከነፊሸሩ፣ ፊሸሩም ከነግድግዳው ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ፣ እኔም በጀርባዬ ገንዳው ውስጥ ተዘረርኩ። ዘገዬ አማተበ። እኔ ምንም እንዳልሆንኩ ሲያውቅ ደግሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔም ብረቴን እንደታቀፍኩ ከሱ ጋር ሳቅሁ።

እማማ ሩቅያ አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ከገንዳው እስክወጣ ጠበቁና ለኢልሀም ደውሉላት አሉ። እስከ ነገ ምን ያስጠብቃታል፣ ዛሬ ከሥራ ስትወጣ በዚያው ትምጣ አሉ። ሻንጣቸውን ሊያዘጋጁ ሄዱ።

ጀዕፈር የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግቶ ላዩ ላይ ቁጭ አለ። ስናደድበት የዋልኩት ሰውዬ ኩምሽሽ ብሎ ሳየው ሆዴ ባባ። የስንት ሰው እናት አየር መንገድ አደርሳለሁ፣ ለራሴ እናት አንዲት መያዣ ማበጀት አቃተኝ አለ። ዘገዬ ሳቁን ዋጠና ወደ መሬት አየ።

«ተነስ» አልኩት። «ኢልሀም ከሚድታውን እስክትመጣ ጊዜ አለን።»

አርብ ከሰዓት በኋላ በተጨናነቀው ሰማንያ አምስት አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነድቶ የሚያውቅ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳለን ያውቃል። ያን መንገድ ስረግመው ኖሬ በዚያ ቀን ብቻ ነው የመረቅሁት። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ጀዕፈር በከፈተው ቀዳዳ ክንዴን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጥጡን ገፋሁ፣ ወደ ግራ ደበስኩ፣ ምንም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ሴራሚኩ በኩል ስሄድ እጄ ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት። የጀዕፈርን እጅ ይዤ በቀዳዳው አስገባሁለት። ደበሰው፣ ደጋግሞ ደበሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ አላልኩህም አላልኩትም። እንዴት እንደቻልኩ አላህ ይወቀው።

እንጨቱ የቆመው ከሴራሚኩ ኋላ ነው። ያ ጥጃ እዚያ ላይ ቢነሳ ሴራሚኩን እንክትክት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ዘገዬን የማይደበድበውን ትንሹን መሰርሰሪያውን እንዲያመጣ ሰደድኩት። እኔ በመኪናዬ ሱቅ ደርሼ ጫፏ እንደ ጦር የሾለች የሴራሚክ ፑንታ፣ አንድ የእንጨት ፑንታና ረጃጅም የማይዝጉ ብሎኖች ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቆሜ አነበብኩ፦ በዝግታ፣ ሳይጫኑ፣ እያረጠቡ። ከባሌ ጠባይ ጋር አንዱም አይሄድም።

ሴራሚኩ ላይ ፑንታዋ እንዳትንሸራተት ፕላስተር ለጠፍን። ጀዕፈር ያዘ፣ ዘገዬ በሾርባ ማንኪያ ውሃ ያንጠባጥባል፣ እኔ ጎኑ ቆሜ ቀስ እላለሁ። ትከሻው ሊጫን ይከጅላል፣ ቀስ እለዋለሁ፣ ይመለሳል። ያ ሰው በዕድሜው ሙሉ ነገርን በጉልበት ሲያሸንፍ ነው የኖረው፣ ያን ጊዜ ግን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የታቀፈ ይመስል ነበር። ሴራሚኩ ሳይሰነጠቅ ተበሳ። ፑንታውን በእንጨቱ ፑንታ ቀየረና ቀጠለ። ነጩ ዱቄት ቆሞ ቢጫ የእንጨት ፍቅፋቂ መውጣት ሲጀምር ዘገዬ እሰይ ብሎ ማንኪያውን ገንዳው ውስጥ ጣለው። ብረቱ በቁሙ ነው የታሰረው፣ ሁሉም ብሎን እዚያው አንድ እንጨት ላይ እንዲያርፍ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ጀዕፈር በእጁ አጠበቃቸው፣ ያለ ፊሸር።

እኔ ተቀመጥኩ፣ ያዝኩ፣ ተነሳሁ። ፍንክች አላለም። ጀዕፈር ተንጠለጠለበት፣ ዘገዬ ተንጠለጠለበት። አሁንም ፍንክች የለም። ቀዳዳው ላይ ፎጣ ሰቀልንበት፣ እስከ ዛሬም ፎጣው እዚያው ነው።

ኢልሀም የገባችው መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ ሲቃረብ ነው፣ ከመንገዱ የተነሳ ደም ሥሯ ተገታትሯል። የእማማ ሻንጣ በሩ ላይ ቆሟል። ጀዕፈር እናቱ ፊት ሄዶ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉራውን ይቸረችር ነበር፤ ያን ዕለት «እማዬ፣ አንዴ እይልኝ» ብቻ አላቸው።

እማማ ሩቅያ ባኞ ቤት ገቡ። ብረቱን ያዙና በሙሉ ክብደታቸው ወደ ኋላ ተሳቡ። ለቀቁት፣ እንደገና ያዙት። ከዚያ ውጡልኝ አሉን። ወጣን። በሩን ዘጉት፣ ቁልፉም ቀጭ ሲል ሰማን። እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ያ በር እሳቸው ውስጥ እያሉ ተዘግቶ አያውቅም።

አራታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ውሃው ተከፈተ። ብዙ ፈሰሰ። ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ የለም። ጀዕፈር ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ ያዝኩት። እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን ያዝኩት። በመጨረሻ እግር ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ሰማን፣ አንድ፣ ከዚያ ሌላው፣ ቢስሚላህ የሚል ድምፅም አብሮ።

«ከበሩ ላይ ሂዱ እንግዲህ» አሉ ከውስጥ። «ሰው በገዛ ቤቱ ሲታጠብ እንዲህ አይጠበቅም።»

ጀዕፈር እዚያው ኮሪደሩ ላይ በክንዱ ዓይኑን ሸፍኖ አለቀሰ፣ ዘገዬም እያየው አለቀሰ፣ እኔ ሁለቱንም እየገፋሁ ወደ ሳሎን ወሰድኳቸው። ኢልሀም ሻንጣውን አንስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ወደ እናቷ መኝታ ቤት መልሳ አስገባችው።