ወደ ንያዊራ ቤት የመሩን ሁለት ስልኮች

ካሂጋ ጎረቤቴ ነው። ናይሮቢ፣ ካሃዋ ሰፈር፣ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወጥ ቤቴ ሆኜ «ይማርህ» እለዋለሁ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ለቁም ነገርም እኔን ነው የሚጠራው፣ ጨው ሲያልቅበትም እኔን ነው። የፍቅረኛው የንያዊራ አባት በመጨረሻ እሺ ብለው፣ ልጃቸውን ሊጠይቅ እንዲመጣ ለቅዳሜ ሲቀጥሩት፣ ከሴቶቹ ፊት ሆኜ እንድዘፍን የተመረጥኩት ለዚህ ነው። ለድምፄስ ማንም አይመርጠኝም።

እሺ ያሉት ደግሞ በግድ ነው። ናይሮቢ ላይ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር፣ አንዲት ላም እንኳ የሌለው ጎረምሳ ልጄን ምን ሊያበላት ነው ብለው በንያዊራ በኩል ሁለቴ መልሰውታል። ንያዊራ አልቅሳ፣ አክስቶቿ ደጅ ጠንተው፣ በስንት ልመና «ይምጡ» አሉ። «ግን ሽማግሌዎቼ ከሰዓት በኋላ ላሞቻቸውን ሊያልቡ ሳይነሱ ይምጡ። ካልደረሱ ነገሩ እዚያው ያበቃል።» እነሱ ባሉበት ሙራንጋ ውስጥ የታለበ ወተት የሚወስደው መኪና ማንንም አይጠብቅም፤ ሽማግሌዎቹም ለማንም ብለው አይቀመጡም።

ይህ የመጀመሪያው ጉዞ በእኛ ዘንድ ቤት ማወቅ ይባላል። ስሙ እንደሚለው፣ ከእኛ ወገን ቤቱን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ካሂጋም ሳይጠራ እዚያ ድርሽ ማለት አይችልም። ያለን ንያዊራ በስልክ የላከችው ምልክት ነው፤ ካርታ ላይ የተተከለች ቀይ ነጥብ።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ የተከራከርነው ስለ ስጦታው ሳይሆን ስለ ስልክ ነበር። ካሂጋ የሚጠቀመው በነፃ የሚገኘውን መንገድ መሪ ነው። ውስጡ ያለችው ሴት ትዕግሥተኛ ናት፤ ብትሳሳትባትም አትቆጣም። ጉድለቷ «ወደ ግራ ይታጠፉ» ካለች በኋላ የፀጉር ቅባት ልትሸጥልን መሞከሯ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ የለችም። ጓደኛው ንዲራንጉ ግን ለዓመት ከፍሎ የገዛው አለው። የሚናገረው ወንድ ነው፤ ምሳውን በልቶ የተነሳ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይመስላል።

«ይሄ ኔትወርክ አይለምንም፣ ማማ ኞካቢ» አለኝ ንዲራንጉ። «አገሩን በሙሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው።»

«አገሩን ከዋጠው ታዲያ እኛ የት ልንሄድ ነው?» አልኩት።

ቅዳሜ በተከራየናት ማታቱ፣ በሚኒባሷ፣ ተሳፍረን ወጣን። ሶዳው፣ ስኳሩና ሙዙ ከእግራችን ሥር፣ የካሂጋ አጎት ሽማግሌው ሙዜ ጋቻንጃ ከነባርኔጣቸው ከሹፌሩ ጎን፣ ሁለቱ ስልኮች ደግሞ ፊት ለፊት ተሰቅለው። እስከ ቲካ ከተማ ድረስ ሴትዮዋና ሰውዬው እንደ ጥሩ ባልና ሚስት አንድ ቃል ነበሩ። የሙራንጋን ከተማ አልፈን ወደ ሻይ ተክሉ አገር ስንወጣ ተጣሉ። እሷ አስፋልቱን ይዘን እንድንዞር ትፈልጋለች። እሱ በቀኝ በኩል ቁልቁል የሚወርደውን ቀይ አፈር መንገድ አሳየን፤ በእጥፍ ያጥራል።

ሹፌሩ ቆመ። ካሂጋ ለንያዊራ ልደውልላትና ትንገረን አለ።

ሙዜ ጋቻንጃ ወደ ኋላ ዞሩ። «ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ወገን መንገድ ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉት። «ስልኩን የሚያነሱት አክስቶቿ ናቸው። ገና በሩን ሳናይ መሳቂያ ልታደርገን ነው?» ከዚያ ዳኝነታቸውን ሰጡ፤ የተከፈለበት ይምራ አሉ። ንዲራንጉ ኮሌታውን አስተካከለ።

ቁልቁል ወረድን። ሴትዮዋ ለጥቂት ጊዜ «ሌላ መንገድ እየፈለግሁ ነው» ስትል ቆየችና ድምፅዋ ጠፋ። ሰውዬው ያለ ኔትወርክ ብቻውን ቀጠለ። ካሂጋ አንዲት ሻይ ቀጣፊ መንገድ ዳር አየና እንጠይቃት አለ። ሙዜ አሁንም እምቢ አሉ፤ እሷም የዚያው አገር ሰው ናት፣ ሳይመሽ ለሁሉም ታዳርሰዋለች። ሻይ ቀጣፊዋ ግን ቅርጫቷን አውርዳ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችልን። እኛም በመስኮቱ እጃችንን አውጥተን መለስንላት። እንዲያውም የዚህ አገር ሰው እንዴት ደግ ነው አልኩ።

መንገዱ ወንዝ አፋፍ ላይ አለቀ። ድልድይ የነበረበት ቦታ ሁለት የሲሚንቶ ጉቶ ቆሟል። በመካከላቸው የዝናብ ሰሞን ውኃ፣ ቡናማና ወፍራም፣ የእንጨት ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከማዶ፣ በዳገቱ አናት ላይ፣ ነጩ ድንኳን ቁጭ ብሏል። ወንበሮቹ ይታያሉ። የሥጋው ጭስ ይታያል። የድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«ቀጥታ ይሂዱ፤ መድረሻዎ ከፊትዎ ነው» አለ ሰውዬው።

ንዲራንጉ ስልኩን አንስቶ ጠረገው፣ መልሶ አየው። ሙዜ ጋቻንጃ ፊታቸውን ከውኃው ሳያዞሩ «በል ደውልላት» አሉ። ካሂጋ ቀድሞ እየሞከረ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም። በሻይ ተክሉ መሃል እየሮጠ ወጣ፤ ስልኩን እንደ ጃንጥላ ከራሱ በላይ ይዞ ሲዞር ከታች እናየዋለን። ባዶ እጁን ወረደ።

ሹፌሩ ልዙር ሲል የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። እንደዚያ የክት ለብሰን ገፋን። የእኔ ጫማ እዚያው ቀረ። ማታቷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ያቺ ሻይ ቀጣፊ እያለከለከች የደረሰችው ያኔ ነው። «በምልክት ስነግራችሁ ሰላም ትሉኛላችሁ እንዴ?» አለችን። ድልድዩን ባለፈው ዝናብ ውኃ ወስዶታል። ማለፊያው አስፋልቱን ይዞ መዞር ነበር፤ አሁን መኪናው ወጥቶ ተመልሰን ብንዞር እንኳ ላሞቹ ታልበው ይጠብቁናል አለች። ነፃዋ ሴትዮ ያወቀችውን ልትነግረን ኔትወርክ አጣች፤ የተከፈለበት ሰውዬ ምንም ሳያውቅ መናገሩን አላቋረጠም። ንዲራንጉ አጠፋው።

ካሂጋ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ሙዜ ኮቱን ከኋላ ያዙት።

«ይልቀቁኝ፣ አጎቴ።»

«ሬሳህን ነው የምወስድላቸው?»

አመለጣቸው፤ ጥቂት እርምጃ ገባ። ውኃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ አንገዳገደው። ንዲራንጉና ሹፌሩ ጎትተው አወጡት። አፋፉ ላይ ተቀመጠ፣ ሱሪው እስከ ጭኑ በስብሶ።

ሴቶቹ እኔን አዩኝ። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ የበሩን ዘፈን አነሳሁ፤ ክፈቱልን፣ ከሩቅ መጥተናል የሚለውን። እነሱም ተቀበሉኝ። በሩ ማዶ ነው፣ ወንዙ ከእኛ በላይ ይጮሃል። ሦስቴ ደጋግመን ዘፈንን። ከድንኳኑ አንድ ራስ እንኳ አልዞረም። የእነሱን እኛ እንሰማለን፣ የእኛን እነሱ አይሰሙም።

ከዚያ ሙዚቃው ተቋረጠ። የመድረኩ መሪ እንግዶቻችን ናይሮቢ ላይ ገና ጸጉራቸውን እያበጠሩ ይሆናል ብሎ ቀለደ፤ ሳቁ በድምፅ ማጉያው እኛ ዘንድ ደረሰ። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ካሂጋ ተነስቶ ቆመ። ተናጋሪው የንያዊራ አባት ነበሩ።

«ሽማግሌዎቼን አመሰግናለሁ» አሉ፣ ረጋ ብለው፣ ቁጣ የሌለበት ድምፅ። «ቃሌን ጠብቄ ቀኑን ሙሉ ተቀምጫለሁ። ቤቴን ማወቅ የፈለገ ሰው ያውቀው ነበር። አሁን ላሞቻችን ይጠሩናል። ከዛሬ በኋላ ስለዚህ ልጅ በቤቴ አይነሳ።»

ማጉያው ጠቅ ብሎ ጠፋ። ካሂጋ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ «እዚህ ነን» ብሎ ጮኸ፤ ደጋግሞ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ከድንኳኑ እየወጡ በየአቅጣጫው ሄዱ። ሙዜ ጋቻንጃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

በመጨረሻ ልጃገረዶቹ ወጡ። አክስቶች ሙሽራዋን ከእኩዮቿ ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ ያከናንቧታል፤ ወንዱ ከመሃል ለይቶ እንዲያወጣት ነው። ከራስ እስከ እግራቸው ተሸፍነው ተሰልፈው ወደ ቤቱ ሲሄዱ አንዷ ቆመች። ወደ ወንዙ ዞረች። ካሂጋ እጁን አነሳላት። ወዲያው ሌላዋም ዞረች፣ ከኋላዋ ያለችውም። እጁን አውርዶ እንደገና አነሳው፣ ለየትኛዋ እንደሆነ እንጃ። አንዲት አክስት ከኋላ መጥታ ሁሉንም ወደ ውስጥ ነዳቻቸው።

«ማማ ኞካቢ፣ አየችኝ?» አለኝ።

«አይታሃለች» አልኩት፣ የትኛዋ ንያዊራ እንደሆነች ሳላውቅ።