የሚል ሌን መንገድን መብራት ማን ቀባው

ክላይቭ ሞብስ አውራጃውን ማመን ያቆመው የመንደሩን አውቶቡስ ከነሹፌሩ የቀነሱት ጊዜ ነው። ሹፌሩ እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአውራጃ የመጣ ነገር ሁሉ፣ ፈገግታም ቢሆን፣ ከኋላው ምን እንደያዘ ሳያይ አይቀበልም።

ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሆልቢ መንደር ውስጥ እየዞረ የመንገድ መብራቶቹን ፎቶ ሲያነሳ ባየው ጊዜ፣ የአጥር መቀሱን እንደያዘ ከጓሮ ወጣ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ከአውራጃው ምክር ቤት ነኝ። መብራቶቹን እያየሁ ነው።»

«መብራቶቹ የኛ ናቸው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ፣» አለ ሰውየው አንድ ፎቶ ጨምሮ እያነሳ። «ለጊዜው።»

ይቺ «ለጊዜው» ምሳ ሳይደርስ መንደሩን አዳረሰች።

ሆልቢ ውስጥ መንገዱ የአውራጃው ነው፣ ትምህርት ቤቱም የአውራጃው ነው፤ መብራቶቹ ግን የመንደሩ ናቸው። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች አባቶች ናቸው ጉድጓዱን በእጃቸው ቆፍረው ምሰሶዎቹን ያቆሙት። አምፖል ሲቃጠል የሚያስቀይረው የመንደሩ ምክር ቤት ነው፤ ሰብሳቢዋ ደግሞ ፖስታ ቤቱን የምታስተዳድረው ሞሪን ላርተር ነች። ክላይቭም አባል ነው። ባለፈው መስከረም ደብዛዛዎቹን ቢጫ አምፖሎች አስነቅሎ ነጭ ያስገባው እሱ ነበር፤ «አሁን መርፌ ቢወድቅ ታገኛላችሁ» እያለ ቤት ለቤት ዞሮ አውርቷል።

አውራጃው አሁን የየመንደሩን መብራት ሁሉ ጠቅልሎ ልያዝ ብሎ ተነስቷል። ጎረቤቱ የዊክስተን መንደር አስቀድሞ እሺ ብሎ አስረክቦ ነበር። ወዲያው ለቁጠባ ተብሎ ገና እራት ሳይበላ ያጠፉባቸው ጀመር፤ የዊክስተን ሰዎች ዛሬ ውሻቸውን ይዘው የሚወጡት እንደ ማዕድን ቆፋሪ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው ነው።

ቢጫ ሰደርያው ከመጣ ጥቂት ቀን በኋላ ሚል ሌን በሚባለው መንገድ መጨረሻ ያለው መብራት ጨለመ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላል አቁሞ ሲወጣ አምፖሉ ደህና ነው፤ መስተዋቱ ግን በጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ጠርጎት ወረደ። ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ተቀባ።

«ግልጽ እኮ ነው፣» አለ ክላይቭ መጠጥ ቤት ውስጥ። «እነሱ ናቸው። ያስጠቁሩትና ‘መንደሩ መብራቱን መጠበቅ አቅቶታል’ ብለው ይወስዱታል።»

«አንተ ሰውዬ፣ አውራጃው አንድ የመንገድ ጉድጓድ ለመድፈን ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፣» አለው አንዱ። «ቀለም ለመቀባት በሳምንት ሁለቴ ይመጣል?»

«ለተንኮል ሲሆን ይፈጥናሉ።»

ተሳቀ። ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ ምሰሶዎቹን ቀና ብሎ ያላየ አልነበረም።

የተቀባው መብራት የቆመው የቴልማ ጎትስ እና የባሏ የኦብሪ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ነው፣ ጥቂት ክንድ ያህል ርቆ። ማንም ግን ወደዚያ ቤት አልጠቆመም። የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረው የቴልማ አባት ነበር፤ ኦብሪ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የላም እርባታ ኃላፊ ሆኖ የኖረ፣ በየዓመቱ በከብት ትርኢት ላይ ላሞቹ የሚሸለሙለት፣ የተከበረ ሰው ነው። ክላይቭ ጎራ ያለው ምን እንዳዩ ሊጠይቅ ብቻ ነበር።

«ሰው አላየሽም ቴልማ? መሰላል የያዘ?»

«ምሰሶ ሳይ የምውልበት ጊዜ የለኝም።»

«ኦብሪስ?»

«ተኝቷል።»

በሩን የከፈተችው በጠባቡ ነበር፤ በትከሻዋ ደግፋ ቆማለች። ለወትሮው ሳትጠይቀው ነበር ሻይ የምትቀዳለት። ክላይቭ ወጥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የላይኛው ፎቅ መጋረጃ ግን ተዘግቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት የመንደሩ አዳራሽ ሞላ። አውራጃው ፊዮና ሬንዊክ የምትባል ትሑት ወጣት ኃላፊ ልኮ ነበር።

«ብትወስዱት ታጠፉታላችሁ ወይስ አታጠፉትም?» አለ ክላይቭ ከመቀመጫው ሳይነሳ።

«በአሁኑ ሰዓት የተወሰነ ነገር የለም።»

«ለዊክስተንም እንደዚሁ ነበር ያልሻቸው!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ሳያልቅ ቴልማ ብድግ አለች። ካፖርቷን አላወለቀችም። «ይውሰዱት፣» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ሞሪን ከመድረኩ።

«አውራጃው ይውሰደው። ምንም ሳንጨቃጨቅ ይውሰደው።»

«ቴልማ፣ አባትሽ እኮ በገዛ እጁ…»

«አባቴ ሞቷል ሞሪን። እዚያ የምኖረው እኔ ነኝ።»

ቦርሳዋን አንስታ በመካከላቸው አልፋ ወጣች። በሩ ከተዘጋ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ሰው ሁሉ በሩን ነበር የሚያየው።

ጥርጣሬው በአንድ ጀምበር ዞረ። ቴልማና ኦብሪ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የሣር ሜዳ ሸጠው ቤት እንዲሠራበት አውራጃው ሊፈቅድላቸው ቃል ገብቷል ተባለ። ቢጫ ሰደርያው ያን ዕለት እነሱ ጋ ሻይ ጠጥቷል ተባለ፣ ያየ ግን የለም። ቆየት ብሎ ደግሞ ፖስታ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆይ ግን፣ ኦብሪን በቅርብ ያየው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰው አስታወሰ፣ አሰበ። ከመስከረም ወዲህ ያየው የለም። ከዚያ በኋላ ያ የተዘጋ መጋረጃ የሁሉም መነጋገሪያ ሆነ።

ክላይቭ የራሱን ሐሳብ ለማንም አልተናገረም። መብራቱ እንደገና በተጠረገበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሊመሽ ሲል ካፖርቱን ለብሶ ሄደና ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ መጠበቂያ ውስጥ ተቀመጠ። አውቶቡስ የለም፤ አላፊ አግዳሚም የለም። ሰማዩ አመድ መስሎ ቀስ በቀስ ጠቆረ፣ መብራቶቹም አንድ በአንድ በሩ። የሚል ሌኑ መብራት ከሁሉም በኋላ በራ፤ ነጭ፣ ክላይቭ የሚኮራበት ዓይነት ነጭ።

መስኮቱ ተከፈተ። መጀመሪያ እጅ ወጣ፣ ቀጥሎ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት። ጫፉ ላይ የቀለም ብሩሽ ታስሯል። መስተዋቱ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለፈ። መንገዱ ጨለመ።

ክላይቭ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ፈገግ አለ። ስልኩን አውጥቶ ሞሪን ጋ ደወለ። «ነይ። አሁኑኑ ነይ። በዓይኔ አየሁ።»

ሞሪን ሽርጥ ላይ ካፖርት ደርባ እያለከለከች መጣች። አብረው አጥሩን አልፈው በሩን አንኳኩ። ክላይቭ ሊናገር ያሰበውን በልቡ አዘጋጅቷል።

የከፈተው ግን ኦብሪ ነው። ከፒጃማው በላይ ካፖርት ደርቧል፤ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጓል፣ ቆቡን ደፍቷል። ፊቱ በጣም ከስቷል።

«አረፈድክ፣» አለው ክላይቭን። «ላሞቹ እየጮሁ ነው።»

ክላይቭ ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ኦብሪ አልሳቀም።

«በሩን ዝጉት!» የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። ቴልማ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች፤ ጣቶቿ በጥቁር ቀለም ተጨማልቀዋል። «እንዳይወጣ! ሞሪን፣ በሩን!»

ሞሪን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። አራቱም በጠባቧ ኮሪደር ውስጥ ተፋጠው ቆሙ። ኦብሪ ኪሱን እየዳበሰ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሞሪን በሹክሹክታ።

«ምን እንደሆነ እያየሽው ነው።» ቴልማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ቢጫው መብራት ምንም አያደርገውም ነበር። ይሄ ነጩ ሲበራ ነጋ ይላል። ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ሊያልብ ይወጣል። መጋረጃ አወፈርኩ፣ ይገልጠዋል። አንድ ምሽት የተሰጣ ልብስ ሳነሳ አመለጠኝና አሮጌው እርባታ በር ላይ አገኘሁት። በዝናብ በስብሶ።»

«እና ለምን አልነገርሽንም?» አለ ክላይቭ። «እኔ እኮ በአንድ ቀን…»

«ለማን ልንገር? ላንተ? ጠዋት የሰማኸውን ማታ መጠጥ ቤት ለምታወራው? ወይስ አዳራሽ ገብቼ እጄን ላውጣና ‘ባሌ ቀንና ሌሊቱ ተምታቶበታል’ ልበል? ሞሪን ቃለ ጉባኤ ላይ ልትጽፈው፣ ሰኞ ቴምብር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ከንፈሩን ሊመጥልኝ?» ቀና ብላ አየቻቸው። «በየዓመቱ ያንን ሰውዬ ትርኢት ላይ በሬ በአንድ እጁ ሲያስቆም ያዩ ሰዎች ናችሁ። እንደዚህ እንድታዩት አልፈልግም።»

«አውራጃውስ?»

«አውራጃው አያውቀኝም። ስልኩን የምታነሳው ልጅ አታውቀኝም። መብራቱ አስቸገረሽ? አዎ። አድራሻሽ? ይኸው። አለቀ። ማን እንደሆንን፣ ምን እንደነበርን አትጠይቅም።»

«ደውለሽ ነበር እንዴ?» አለች ሞሪን።

«ደወልኩ። ‘ይቅርታ እመቤቴ፣ ያ መብራት የመንደሩ ነው፣ ለመንደራችሁ ምክር ቤት አመልክቺ’ አሉኝ።»

ክላይቭ መሬት መሬቱን አየ። ስለ ነጩ አምፖል ሊያወራ ቤት ለቤት ሲዞር ይሄንን በር አንኳኩቶ እንደነበር ትዝ አለው። «ብርሃኑ አይበዛም?» ብላው ነበር። «ብርሃን በዝቶ ያውቃል?» ብሏት ስቆ ነበር የሄደው።

«አንተ ልጅ፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አለ ኦብሪ የበሩን እጀታ እየነቀነቀ።

ክላይቭ ቴልማን አየ። ቴልማ የኦብሪን ሻርፕ ከማንጠልጠያው አውርዳ ሰጠችው።

«እመጣለሁ፣» አለ ክላይቭ። «ነገር ግን ሻርፕህን አድርግ። ይበርዳል።»

በጨለመው መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ኦብሪ ፈጣን ነው፤ መንገዱን አልረሳውም። አሮጌው እርባታ ድሮ ተሸጦ፣ የማለቢያው ቤት የሀብታም መኖሪያ ሆኗል፤ ግቢው ውስጥ የሚያብለጨልጩ መኪኖች ቆመዋል። ኦብሪ በሩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«የታሉ?»

«ታልበዋል፣» አለ ክላይቭ። «ጨርሰናል። ወደ ሜዳ ወጥተዋል።»

«ባልዲዎቹን አጥበሃል?»

«አጥቤያለሁ።»

«በፈላ ውኃ?»

«በፈላ ውኃ።»

ኦብሪ ራሱን ነቀነቀና ተመለሰ። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ክንዱን ለክላይቭ ሰጥቶት ነበር።

በማግስቱ ክላይቭ ራሱ መሰላል ላይ ወጣ። ነጩን አምፖል ነቅሎ አሮጌውን ቢጫ መለሰ፤ በመስኮቱ በኩል ባለው ጎን የቆርቆሮ መከለያ ገጠመ። ምክር ቤቱ አልተሰበሰበም፤ ሞሪን ብቻ «አድርገው» አለችው። ይሄም ሳይታይ አልቀረም። ለምን እዚያ ቤት ብቻ? ማን ፈቀደ? ገና መሰላሉ ላይ እያለ ሁለት ሰዎች ከታች ቆመው ጠይቀውታል።

መብራቶቹ እንዲሰጡ ወይም እንዳይሰጡ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን አዳራሹ ከበፊቱ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ገና ሲጀመር አንዱ ከኋላ ጮኸ።

«መጀመሪያ ቀለሙን የቀባው ይነገረን።»

«አውራጃው አይደለም፣» አለ ክላይቭ ተነስቶ። «እኔ ተሳስቻለሁ። ነገሩ አልቋል።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«አውቃለሁ፤ አልናገርም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ለሳምንታት አውራጃውን ሲከስ የነበረው ሰው ነው አሁን አውራጃውን ነፃ የሚያወጣው።

«ምነው ክላይቭ፣ አውቶቡስህን ሊመልሱልህ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ግን የድሮው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ክላይቭ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ተቀመጠ። ቴልማ ሦስት ወንበር ወዲያ ቀጥ ብላ ፊት ለፊቷን ታያለች።

እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ። መብራቶቹ በጥቂት ድምፅ ብልጫ በመንደሩ እጅ ቀሩ። ቴልማ እጇን ያወጣችው ለአውራጃው ነው።

ውጭ ላይ ክላይቭ ጠበቃት። «አሁንም ቴልማ? መከለያውን ሠራሁልሽ አይደል?»

«ሠርተህልኛል፣ አመሰግናለሁ። ኦብሪም ይተኛል።» ጓንቷን አጠለቀች። «በፊት ግን ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ሁለት ሰው ያውቃል።»

«ከኔ አፍ አይወጣም።»

«ከሞሪንስ?»

ክላይቭ ወደ አዳራሹ ዞር አለ። ሞሪን በር ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ተጠጋግታ ታወራ ነበር፤ ሴትዮዋ ወደነሱ ዞር ብላ አየች። ምናልባት ስለ ድምፁ ነው የሚያወሩት። ምናልባት።

ከዚያ ወዲህ ክላይቭ ፖስታ ቤት ሲገባ የሞሪንን ፊት ያያል። አንድ ጠዋት ሲገባ ሦስት ሴቶች ወሬያቸውን ቆረጡ። ስለ ኦብሪ ይሁን ስለ ራሱ ስለ ክላይቭ አላወቀም። የማይፈልገውን ቴምብር ገዝቶ ወጣ፤ ውጭ ቆሞ ወሬው እንደገና ሲጀመር ሰማው፣ ቃሉን ግን አልለየውም።

ከሰዓት በኋላ ሊመሽ ሲል ደግሞ ወደ ሚል ሌን ይሄዳል። ኦብሪ ሌሊቱን ቢተኛም ከዚያ ምሽት ወዲህ ላሞቹን ሳይጠይቅ አያመሽም፤ ቦቱን አድርጎ ይጠብቀዋል፣ ቴልማ በሩን ትከፍታለች፣ ሁለቱ ወደ አሮጌው እርባታ ይወርዳሉ። ባሏ የታመመባት ሴት ቤት አንድ ወንድ በየምሽቱ ምን ያመላልሰዋል የሚሉ አሉ፤ አውራጃው የላከው ነው የሚሉም አሉ። በየመስኮቱ መጋረጃው ገለጥ ይላል። ክላይቭ ያያል፣ ቆቡን አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል፣ ያልፋል።